መድረክ ላይ ያደገ ተዋናይ ካሜራ ፊት ምን ይዞ ይመጣል?

ዛሬ ፊልም ላይ ብቅ ከሚሉት ወጣት ተዋንያን ብዙዎቹ መድረክ ረግጠው አያውቁም። የመጀመሪያ ካሜራቸው የራሳቸው ስልክ ነበር። አጫጭር ቪዲዮ ሠሩ፣ ተመልካች አገኙ፣ አንድ ቀን አንዱ ፕሮዲውሰር አያቸውና ጠራቸው። በዚህ ምንም ክፋት የለም። እንዲያውም ካሜራ አይፈሩም፤ ይሄ ደግሞ ዋዛ አይደለም። ቲያትር ቤት ያደገ ተዋናይ በመጀመሪያው ቀን ሌንስ ሲደቀንበት ላብ በላብ እንደሚሆን የፊልም ሰዎች ያውቁታል።

ቢሆንም አንድ ጥያቄ አለ። ድሮ ብዙ ተዋናይ ፊልም ከመግባቱ በፊት ዓመታትን በልምምድ ክፍልና በመድረክ ላይ ያሳልፍ ነበር። ያ መንገድ ሲቀር አብሮ የሚቀረው ምንድን ነው? ቶሎ የሚመጣው መልስ "ድምፅ" ነው። "በራስ መተማመን" የሚልም አይጠፋም። ለእኔ ሁለቱም ዋናው ነገር አይመስሉኝም። ድምፁን ማይክ ያግዘዋል። ድፍረቱን ስልኩም ይሰጣል። መድረክ ሰጥቶ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኘው ሌላ ነው። አንደኛው የአንድን ገጸ ባሕርይ መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በሰውነት ይዞ መሄድ ነው። ሁለተኛው አብሮ የሚጫወተውን ሰው የምር ማዳመጥ ነው። የቀረው ብዙው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካሜራ ፊት ሲደርስ መጣል ያለበት ጓዝ ነው።

ደረጃው በ2ኛው ቀን፣ ስልኩ በ20ኛው

ፊልም ብዙውን ጊዜ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። የሚወስነው ቦታው፣ መብራቱና የተዋንያኑ ፕሮግራም ነው። አንድ ቤት ለ1 ሳምንት ከተገኘ፣ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሆነው ሁሉ በዚያ ሳምንት ይቀረጻል። ባልና ሚስቱ የተዋወቁበት ቀንም፣ የተለያዩበት ቀንም።

እንዲህ እናስብ። አንዲት ሴት የአባቷን ሞት በስልክ ትሰማለች። በሩን ከፍታ ትወጣለች። ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች። ለተመልካች ይሄ 40 ሰከንድ ነው። ሥራው ላይ ግን ክፍሉ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፣ ደረጃው ደግሞ ሌላ ቦታ ያለ እውነተኛ ሕንፃ ነው። ደረጃው በ2ኛው ቀን ተቀረጸ፤ ስልኩ በ20ኛው። ተዋናይዋ ገና ያልሰማችውን መርዶ ተሸክማ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች። ከ18 ቀን በኋላ ደግሞ ወደዚያ ደረጃ የሚወስዳትን ድንጋጤ ትሠራለች። ድንጋጤው ከደረጃው ላይ ሐዘን ጋር ካልገጠመ ኤዲተሩ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ሙዚቃ ይጨምርበታል፣ በቃ።

የመድረክ ልምድ ዋጋው የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ተውኔት ላይ ተዋናይ 2 ሰዓት ሙሉ ሳይቆረጥ ይሄዳል። ነገ ማታ ይደግመዋል። ከነገ ወዲያም። በዚህ ድግግሞሽ የታሪኩ ዳገትና ቁልቁለት ሰውነቱ ውስጥ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ገቢር ያለውን ሁሉ ካፈሰሰ ለመጨረሻው ምንም እንደማይተርፈው ይገባዋል። ይሄን አስተማሪ ነግሮት አይደለም፤ አንድ ማታ ሕዝብ ፊት ባዶውን ቀርቶ ነው የሚማረው። ስለዚህ ደረጃው ላይ ሲያስቀምጡት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉት። ከዚህ በፊት ምን ሰምቻለሁ? ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ? ገና ምን ይጠብቀኛል? አሁን ብጮኽ ለቀብሩ ትዕይንት ምን ይተርፈኛል?

ዳይሬክተሩ አያስታውሰውም ወይ? ያስታውሰዋል። ግን ዳይሬክተሩ በዚያች ሰዓት ፀሐይ እየጠለቀችበት ነው፣ ፕሮዲውሰሩ ሰዓት እያየበት ነው፣ የድምፅ ባለሙያው አውሮፕላን አለፈ እያለው ነው። የገጸ ባሕርይውን መስመር ተዋናዩ ራሱ ካልያዘው የሚይዝለት ሰው ያጣል።

በ1957 የወጣው "12 አንግሪ ሜን" ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ ከሞላ ጎደል በአንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል። ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ 12 ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይከራከራሉ። አንድ ክፍል ስለሆነ በቅደም ተከተል የተቀረጸ ይመስላል። አይደለም። መብራት ማዘዋወር ጊዜ ይበላል፣ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወደ አንዱ ግድግዳ ዞረው የሚቀረጹት ሾቶች መጀመሪያ ያልቃሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይኬዳል። ከ12ቱ ሁለቱ፣ ሄንሪ ፎንዳና ሊ ጄ. ኮብ፣ ፊት ለፊት ሲፋጠጡ የምናየው የአንዱ ፊት ከሌላው ሳምንት ያህል ተራርቆ የተቀረጸ ነው። ተመልካች ግን ሁለቱ ሰዎች በአንድ ትንፋሽ የሚናቆሩ ይመስለዋል።

ይህ እንዴት ተቻለ? ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ከቀረጻው በፊት ተዋንያኑን ልክ እንደ ቲያትር ለ2 ሳምንት አለማመዳቸው። የእያንዳንዱ ቁጣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ እሱም እነሱም ያውቁ ነበር። ሉሜት የተዋናይ ልጅ ነው፤ ራሱም በልጅነቱ መድረክ ላይ ሠርቷል። ከቀረጻ በፊት ማለማመድን ከዚያ በኋላም በሥራ ዘመኑ ሁሉ አልተወውም። የፊልም ሰው ሆኖ የቲያትርን ጥሩ ልማድ እንዴት መውሰድ እንደሚቻል ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሌላም አለ። በ2010 ዴንዘል ዋሽንግተንና ቫዮላ ዴቪስ የኦገስት ዊልሰንን ተውኔት "ፌንስስ" ብሮድዌይ ላይ፣ ማለትም በኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ሰፈር፣ ተጫወቱ። ሁለቱም በዚሁ ቶኒ የተባለውን የቲያትር ሽልማት አገኙ። በ2016 ዋሽንግተን ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ፊልም ሲያደርገው መድረክ ላይ አብረውት ከነበሩት ተዋንያን አብዛኞቹን ይዞ ገባ። ሚስትየዋ ባሏ ከሌላ ሴት ልጅ እንደሚወልድ ስትሰማ የምትመልስለት ትዕይንት አለ። ዴቪስ ታለቅሳለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ አትጠርገውም። ብዙ ሰው እንባውን ያደንቃል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። እንባ ውስጥ ሆና አንድም ቃል አትውጥም። ሐሳቧ ከአንዱ ወደ ሌላው ይራመዳል፤ እሱን ትከሳለች፣ ራሷን ትወቅሳለች፣ የጣለችውን ሕልም ትቆጥራለች። እያለቀሱ መከራከር በጣም ከባድ ነው። ስሜቱ ሲመጣ ቃሉ ይፈርሳል፣ ቃሉን ሲይዙት ስሜቱ ይሸሻል። ሁለቱን አብሮ መያዝ ማታ ማታ ሕዝብ ፊት ብዙ ተሞክሮ የሚመጣ ነገር ነው። ለዚያ ሚና ዴቪስ ኦስካር ወስዳለች። ፊልሙ "ቲያትር ቲያትር ይላል" ተብሎ ተተችቷል፤ ትችቱም ከእውነት የራቀ አይመስለኝም። ግን ያ የካሜራውና የቦታው ጉዳይ ነው። ትወናው ላይ የሚነሳ አይደለም።

የሚሰማው ሰው

ፊልም ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዱ ሲናገር ካሜራው ስንት ጊዜ የሚሰማውን ሰው ያሳያል? በጣም ብዙ ጊዜ። መድረክ ላይ ተመልካች ማንን እንደሚያይ ራሱ ይመርጣል፤ ብዙውን ጊዜም የሚናገረውን ያያል። ፊልም ላይ የሚመርጠው ኤዲተሩ ነው። ጥሩ ኤዲተር ደግሞ ነገሩ የሚደርስበትን ሰው ፊት ይፈልጋል። "ልተውህ ነው" የሚለው ቃል ክብደቱ የሚታየው በሚሰማው ፊት ላይ ነው።

ስለዚህ ለፊልም ተዋናይ ማዳመጥ ከመናገር ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የማያዳምጥ ተዋናይ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ዓይኑ የሚቀጥለውን የራሱን ቃል ይፈልጋል። ወይ ደግሞ የማዳመጥ ፊት ይሠራል፤ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ካሜራው ይሄን ሁሉ ይለቅማል።

ማዳመጥ ይማራሉ ወይ? ይማራሉ። ሳንፎርድ ማይስነር የሚባል አሜሪካዊ አስተማሪ ነበር። በ1931 ኒው ዮርክ ውስጥ ከተመሠረተው ግሩፕ ቲያትር አባላት አንዱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ትወና አስተምሯል። የታወቀበት ልምምድ ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ሁለት ተዋንያን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ በሌላው ላይ ያየውን ይናገራል።

"ፈገግ አልክ።"

"ፈገግ አልኩ።"

"ፈገግ አልክ።"

"ፈገግ አልኩ።"

በቃ ይሄው ነው። የፈጠራ ቃል የለም፣ ታሪክ የለም፣ "አሁን እዘኑ" የሚል የለም። ለመጀመሪያው 1 ደቂቃ አሰልቺ ነው፣ ያሳፍራልም። ቆየት ሲል ግን አንድ ነገር ይመጣል። ቃሉ ያው ሆኖ ድምፁ ይቀየራል። አንዱ መናደድ ይጀምራል፣ ሌላው ይደነግጣል፣ ወይ ሁለቱም ሳቅ ያመልጣቸዋል። ማናቸውም አላቀዱትም። ቃል የማሰብ ሸክም ስለተነሳላቸው የቀራቸው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ማየት። ይሄን ለወራት የሠራ ሰው ክሎዝ አፕ (ፊቱ ብቻ ስክሪኑን የሚሞላበት ሾት) ሲመጣበት ፊቱን የት እንደሚያደርገው አይጨነቅም። ፊቱ ሥራ አለው፤ የሌላውን ሰው ይከታተላል።

ያልሠለጠነ ተዋናይ አጋሩ ሲቀየር፣ ለምሳሌ ያው ትዕይንት እንደገና ሲቀረጽ፣ በሁለተኛው ቴክ፣ ቃሉን ቀዝቀዝ አድርጎ ሲነግረው፣ የመጀመሪያውን መልስ እንዳለ ይደግማል። ሰውየው ሳይጮኽበት "አትጩኽብኝ" የሚል ቁጣ ይሰጣል። የሠለጠነው ግን በአዲሱ ቃና ላይ ይመልሳል። ዳይሬክተሮች "ቴክ በቴክ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሁልጊዜ ግን እውነት ነው" የሚሉት ዓይነት ተዋናይ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ዓይነት ክፍል የወጣ ነው።

ሌላ ጎንም አለው። መድረክ ያሳደገው ሰው ሌላ ሰው ሲያጣ ይፈርሳል። ኢያን ማኬለን የሼክስፒር ሰው ነው፤ ከ1961 ጀምሮ መድረክ ላይ አለ። "ዘ ሆቢት" ሲቀረጽ እሱ ረጅም፣ አብረውት ያሉት ደግሞ ድንክ ሆነው መታየት ስላለባቸው ለብቻው አረንጓዴ ስክሪን ያለበት ክፍል ውስጥ አስገቡት። አጋሮቹ ሌላ ቦታ ነበሩ። በእነሱ ፋንታ ፎቶዎቻቸው ምሰሶ ላይ ተሰቅለው ነበር፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ የሚያውቀው በሰውየው ፎቶ ላይ መብራት ሲበራ ነው። ማኬለን እዚያው አለቀሰ፤ ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል። ይሄ የድክመት ወሬ አይመስለኝም። ሥራው ከሰው ጋር የሚሠራ መሆኑን 50 ዓመት ያህል ሰውነቱ የለመደ ሰው ነው።

የሚጣለው ጓዝ

እስካሁን መድረክን አመሰገንኩ። አሁን ደግሞ ጣጣውን እናንሳ፤ ጣጣው ቀላል አይደለም።

መድረክ ላይ ፊትህን ከኋላ ወንበር ያለው ሰው ማየት አለበት። ካሜራ ፊት የዓይንህ ቆብ አንድ ሾት ሊያበላሽ ይችላል። እንግሊዛዊው ተዋናይ ማይክል ኬን በ1987 በቢቢሲ በተላለፈ ትምህርቱ ወጣት ተዋንያንን ያስተማረው እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን ነው። ክሎዝ አፕ ላይ ዓይንህን አታርገብግብ፤ ማርገብገብ ሰውን ደካማ ያስመስላል። የአጋርህን ሁለት ዓይን አንዴ ይሄን አንዴ ያንን አትይ፤ አንዱን ምረጥና እሱ ላይ ቆይ። ሁለቱን ስትቀያይር ስክሪኑ ላይ ዓይንህ እንደ ሌባ ዓይን ይንከራተታል። መድረክ ላይ ይሄን ማንም አያየውም። እዚያ ለማንም አስፈላጊ ሆኖ አያውቅም።

ኬን ራሱ ከየት መጣ? በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ትናንሽ ከተሞች ካሉ ቲያትር ቤቶች። በዚያ ዘመን በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት የሚያቀርቡ ቡድኖች ነበሩ። ማታ የዚህን ሳምንት ትጫወታለህ፣ ቀን የሚቀጥለውን ሳምንት ታጠናለህ። ቃል ቶሎ መያዝና አለመደናገጥ ያስተምራል። ብልጠትም ያስተምራል፤ ጊዜ ስለሌለ ተዋናይ የለመዳትን ሳቅ፣ የለመዳትን አካሄድ ከኪሱ አውጥቶ ይለጥፋል። ያቺ ልማድ ፊልም ላይ ስትመጣ ሰውየው በ3 ፊልም 3 ሰው መሆኑ ቀርቶ 3 ጊዜ እሱን ራሱን እናያለን።

ድምፅም እንደዚያው ነው። ማይኩ ደረት ላይ ተለጥፏል፤ አዳራሽ ለመሙላት መጮኽ አያስፈልግም። ግን ከድምፁ ሥር ያለው እስትንፋስ መቅረት የለበትም። ብዙ ጀማሪዎች "ፊልም ስለሆነ ቀስ ማለት አለብኝ" ብለው ይንሾካሾካሉ። ሹክሹክታው አየር የለውም። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይሞታል። በኋላ ስቱዲዮ ገብተው በከንፈራቸው እንቅስቃሴ ላይ ድምፃቸውን እንደገና ይቀዳሉ፤ ትዕይንቱም ግማሽ ነፍሱን ያጣል። እስትንፋሱን የሠራ ተዋናይ በጣም ቀስ ብሎ ተናግሮ የመጨረሻዋ ፊደል ትሰማለች።

ሌላው የሚቸግረው ሳቅ ነው። መድረክ ላይ ቀልድ የሚሠራ ሰው የተመልካቹን ሳቅ ይጠብቃል፣ ሳቁ ሲበርድ ይቀጥላል። ካሜራ ፊት ሳቅ የለም። ቀልዱን ጥሎ ለሳቁ ቦታ የሚተው ተዋናይ ፊልሙ ውስጥ ለምን ዝም እንዳለ ማንም አይገባውም። የቀረጻ ባለሙያዎቹ ቢስቁ ደግሞ ቴኩ ይበላሻል።

እንዲህም ሆኖ "መድረክ ያጋንናል" የሚለው ክስ ሁልጊዜ አይሠራም። አንቶኒ ሆፕኪንስ ለንደን ውስጥ በሎረንስ ኦሊቪየር ይመራ ከነበረው ናሽናል ቲያትር ነው የወጣው። በ1967 ኦሊቪየር ሲታመም ተተክቶ ገብቶ የእሱን ሚና ተጫውቷል። ከዚያ በ1991 "ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ" ላይ ምን አደረገ? ቆመ። የምናየው ከግማሽ ሰዓት በታች ነው፤ በአብዛኛው ሳይንቀሳቀስ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያያል። በዚያ የዓመቱን ምርጥ መሪ ተዋናይ ኦስካር ወሰደ። ዝም ብሎ መቆም ምንም አለመሥራት አይደለም። ሺህ ሰው ፊት ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው የተቸገረ፣ ቀስ በቀስም እጁን መርሳት የቻለ ሰው ነው ካሜራ ፊት እንዲያ መቆም የሚችለው። በነገራችን ላይ ሆፕኪንስ አንድን ስክሪፕት 200 ጊዜ ያህል እንደሚያነብ ተናግሯል። ያ ቀደም ብዬ ያነሳሁት መስመር የመያዝ ጉዳይ ነው፤ ልምምድ በሌለበት ብቻውን ልምምድ ያደርጋል።

ማርሎን ብራንዶም አለ። በ1947 ብሮድዌይ ላይ "ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር"ን ሲጫወት 23 ዓመቱ ነበር። አዘጋጁ ኤሊያ ካዛን በ1951 ፊልም ሲያደርገው ብራንዶን፣ ኪም ሃንተርንና ካርል ማልደንን ከመድረኩ ይዞ መጣ። ቪቪየን ሊ ደግሞ ያንኑ ተውኔት ለንደን ላይ ተጫውታው ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ኦስካር ወሰዱ፤ ያልወሰደው ብራንዶ ነው። ዛሬ ግን ስለ ፊልም ትወና ሲወራ የሚነሳው እሱ ነው። ያንን ያልተጋነነ፣ የሚያሳክከው፣ አፉ ውስጥ ምግብ ይዞ የሚናገር ሰውዬ የፈጠረው ካሜራው አልነበረም። መድረክ ላይ ነው የተፈጠረው። ያስተማረችው ደግሞ ስቴላ አድለር ናት፤ ብራንዶ ውለታውን ለእሷ ነው የሚሰጠው።

ቶሎ መጀመር ይጠቅማል ወይ?

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች ይሳሳታሉ ብዬ እገምታለሁ። ልጅን መድረክ ላይ ማውጣት ሁሉ ስልጠና ይመስላቸዋል። ልጁ ግጥም ይሸመድዳል፣ ትልቅ ሰው "እዚህ ጋ ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ እዚህ ጋ እጅህን ዘርጋ" ይለዋል፣ ሕዝብ ያጨበጭባል። ልጁ የተማረው ዜማ ነው። ያ ዜማ አንደበቱ ላይ ይቀርና በ20 ዓመቱም አይለቀውም። ካሜራ ፊት "ደህና አደርክ" ሲል እንኳ የሚያነብ ይመስላል። እንዲህ ያለ ስልጠና ከምንም አለመሠልጠን ይከፋል።

የሚጠቅመው ሌላ ዓይነት ነው። ቪዮላ ስፖሊን በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ከልጆች ጋር ስትሠራ ትወናን በጨዋታ ታስተምር ነበር። ከታወቁት አንዱ የመስታወት ጨዋታ ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው እንደ መስታወት ይከተለዋል። በኋላ መሪና ተከታይ ይቀራል፤ ማን እንደጀመረው ራሳቸውም አያውቁም። ልጁ "ጎበዝ" ለመባል ጊዜ የለውም፣ ሌላውን ማየት አለበት። የስፖሊን ልጅ ፖል ሲልስ በ1959 ቺካጎ ውስጥ ሰከንድ ሲቲ የሚባለውን የኮሜዲ ቲያትር ቤት ከመሠረቱት አንዱ ነው። ከዚያ ቤት እነ ቢል መሪና ስቲቭ ካሬል የሚባሉ የፊልም ተዋንያን ወጥተዋል። የልጆች ጨዋታ ነበር፤ መጨረሻው ፊልም ላይ ታየ።

ልጅነት የሚጠቅመው ማፈር ገና ስላልጠነከረ ነው። ትልቅ ሰው ያንን ጨዋታ ሲጫወት መጀመሪያ ራሱን ያያል። ግን በልጅነት ያልጀመረ አልቆለታል ማለት አይደለም። ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ ይደርሳል።

"ያለ መድረክም ይቻላል"

ይቻላል። በ1948 ቪቶሪዮ ደ ሲካ "የብስክሌት ሌቦች"ን ሲሠራ መሪ ተዋናዩ ላምበርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሐኪሙ ሃይንግ ንጎር ተውኖ አያውቅም፤ በ1984ቱ "ዘ ኪሊንግ ፊልድስ" ኦስካር ወሰደ። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭማ ከ100 ዓመት በፊት አንድን ምንም የማይል ፊት ከሾርባ፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር አያይዞ ተመልካች በየተራ ረሃብና ሐዘን እንዲያይበት አድርጓል። ኤዲቲንግ ብዙ ነገር ይሠራል።

ግን እነዚህን ምሳሌዎች ጠጋ ብለን እንያቸው። ንጎር የካምቦዲያን እልቂት ያለፈ ሰው ነው፤ የተጫወተውም ያንን ያለፈ ሰው ነው። ማጆራኒ ለዚያ ሚና የተፈጠረ ፊትና አካሄድ ነበረው። ከዚያ በኋላ ግን ከትናንሽ ሚናዎች አልፎ አልሄደም። ሕይወታችን ለአንድ ሚና ያዘጋጀን ይሆናል። ለ10 የተለያዩ ሚናዎች ግን አያዘጋጅም። ደግሞስ ማጆራኒን ካሜራ ፊት የመራው ማን ነበር? ደ ሲካ። እሱ ደግሞ ወጣትነቱን መድረክ ላይ ያሳለፈ ተዋናይ ነው። ስልጠናው ከክፍሉ አልጠፋም፤ ከካሜራው ጀርባ ነበር።

የአሁኑ ችግር ይሄ ነው። ተዋናዩም አልተለማመደም፣ የሚያለማምደውም ጊዜ የለውም። ተዋናይ ለሚና የሚፈተንበት መንገድ ራሱ ተለውጧል። ተዋናይ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ስልክ ደቅኖ፣ ከካሜራው ጀርባ ጓደኛው እያነበበለት ራሱን ይቀርጽና ይልካል። ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚያውቀው የቀረጻው ቀን ጠዋት ሜካፕ ክፍል ሲገናኙ ነው። ከ1 ሰዓት በኋላ የ20 ዓመት ባልና ሚስት ሆነው መጣላት አለባቸው። እንዲህ ባለ ቀን ተዋናይን የሚያድነው ይዞት የመጣው ነገር ብቻ ነው።

ፕሮዲውሰሮች ልምምድ ገንዘብ ይፈጃል ይላሉ። ይፈጃል። ግን ክፍል ውስጥ የሚደረግ ልምምድ ካሜራ፣ መብራትና 60 ሰው አያቆምም። ቀረጻ ላይ ትዕይንቱን እየፈለጉ 15 ቴክ መውሰድ ግን ይሄን ሁሉ ያቆማል። ሒሳቡን እነሱ ከእኔ የተሻለ ይሠሩታል።

ቲያትር ቤት በአቅራቢያው ለሌለው ወጣት የምለው አንድ ነገር ነው። 3 ወይም 4 ሰው ሰብስብ። ሙሉ ተውኔት ምረጡ፤ ቅንጭብ ትዕይንት አይሆንም፣ ሙሉ። ለ1 ወር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተለማመዱት፣ አትቅረጹት። ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ አቅርቡት። 10 ሰው ቢያየውም ይበቃል። ዋናው በተከታታይ ቢያንስ 3 ማታ መጫወታችሁ ነው፤ በመጀመሪያው ማታ ያሳቀው በሁለተኛው አያስቅም፣ ያስለቀሰው አያስለቅስም፣ ለምን እንደሆነ ማሰብ የምትጀምሩትም ያኔ ነው።